መብራቱ በርቷል፣ ድምፁ የታለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፦ ከሊኑክስ ላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ስለሚሠራው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ በተለምዶ ሳውንድ ካርድ ስለምንለው። ገጹን ለእሱ ለቀንለታል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዝልን። ድምፅ ከማይኩ ተነሥቶ ፕሮግራሙ ጋ እስኪደርስ አምስት ኬላ ያልፋል፦ ገመዱ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት)፣ አልሳ (የድምፅ ካርዶችን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል)፣ ፓይፕዋየር (ድምፁን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው)፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ። የትኛው ኬላ ላይ እንደተያዘ ሳያጣሩ ኡቡንቱን (ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የሊኑክስ ዓይነት) አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ ጥርሱን ላመመው ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው። ሌላው ስለ ትዕዛዞቹ ነው። ጮክ ተብለው ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይተየባሉ። «ሰረዝ» ባልንበት የመቀነስ ምልክት ይገባል፤ ከምልክቱ በኋላ ክፍት ቦታ አይተዉ።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ማይክ መሰኪያ ኢንተርፌስ ገዛሁ። ስሰካው አረንጓዴ መብራቱ ይበራል፤ ኡቡንቱ 24.04 ግን ጨርሶ አያየውም። አብሮት የመጣው ሲዲ ለዊንዶውስ ብቻ ነው። የሊኑክሱን ድራይቨር ከየት ላግኝ? — ከአዳማ

መልስ፦ ድራይቨር ፍለጋ አይድከሙ፣ እጅዎ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2006 የወጡትን የዩኤስቢ ኦዲዮ የጋራ ደንቦች የሚያከብር ዕቃ ሁሉ የሚሠራው ከከርነሉ ጋር በሚመጣው «ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ» በተባለው ሞጁል (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍል) ነው። ሲዲውን ማስቀመጥም መጣልም ይችላሉ።

የእርስዎን ጉዳይ በተመለከተ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። መብራቱ የሚመሰክረው 5 ቮልት መድረሱን ብቻ ነው። በተራ የዩኤስቢ 2 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ዳታ ይሸከማሉ። ለስልክ ቻርጅ ብቻ ተብለው የተሠሩ ርካሽ ገመዶች የዳታዎቹ ሁለት ሽቦዎች የሏቸውም። ከውጭ ሲያዩት ከደህናው ገመድ አይለይም፤ መብራቱን ያበራል፣ ሌላ ምንም አያደርግም።

ማረጋገጫው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ ዲሜስግ ሰረዝ ደብሊው» ይጻፉ (ዲሜስግ በአምስት ፊደል ይጻፋል፦ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ)። የይለፍ ቃልዎን ካስገቡ በኋላ የከርነሉ ማስታወሻ እየወረደ ይታያል። አሁን ዕቃውን ይንቀሉት፣ አምስት ሰከንድ ይጠብቁ፣ መልሰው ይሰኩት። ከዚያ የሚታየው ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛው፣ አንድም አዲስ መስመር አይወጣም። ከርነሉ ዕቃው መሰካቱን እንኳ አልሰማም ማለት ነው። ገመዱን ስልክና ኮምፒውተር አገናኝቶ ፋይል በሚያሳልፍ ሌላ ገመድ ይቀይሩ፣ ከዚያ የላፕቶፑን ሌላ ቀዳዳ ይሞክሩ።

ሁለተኛው፣ «ኤረር -71» ወይም «ኤረር -110» የሚሉ መስመሮች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ዕቃው የሚመልሰው መልስ ተበላሽቶ እንደሚደርስ፣ ሁለተኛው ደግሞ በተሰጠው ጊዜ መልስ እንዳልመጣ ይናገራል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገመድ፣ ወደ ሀብ ወይም ወደ ኃይል ማነስ ነው የሚያመለክቱት። አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 500 ሚሊ አምፒር ነው። የራሱ ቻርጀር የሌለው ሀብ ይህችኑ ለማውስ፣ ለፍላሽና ለኢንተርፌሱ ያካፍላል። በተለይ የ48 ቮልቱን ቁልፍ (ለአንዳንድ ማይኮች ኃይል የሚልከውን) ሲጫኑ ዕቃው ጠፍቶ መልሶ ከመጣ የኃይል ጉዳይ ስለመሆኑ ብዙ አይጠራጠሩ፤ ሀቡን አስወግደው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት።

ሦስተኛው፣ የዕቃው ስም በሥርዓት ይወጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ያኔ «ኤልኤስዩኤስቢ ሰረዝ ቲ» ብለው ይጻፉ። ዕቃው ባለበት መስመር ላይ «ክላስ=ኦዲዮ» ከሚለው ቀጥሎ «ድራይቨር=» አለ፤ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ከላይ የጠቀስነው የሞጁል ስም መኖር አለበት። ስሙ እዚያ ከሌለ «ሱዶ ሞድፕሮብ ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ» ይበሉ። ሞጁሉ አልተገኘም ካለዎት፣ ኡቡንቱ ይህን ሞጁል የሚያስቀምጠው «ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» በተባለው ጥቅል ውስጥ ስለሆነ ያ ጥቅል ከኮምፒውተርዎ ጎድሏል። የከርነልዎን ቁጥር በ«ዩኔም ሰረዝ አር» አይተው ቁጥሩ ከዚያ ጋር አንድ የሆነውን ጥቅል ይጫኑ።

ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያደናግራሉ። በርካሽ ኢንተርፌሶች ውስጥ ፒሲኤም2902 የተባለ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ በብዛት ይገባል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የዕቃዎ ብራንድ ሳይሆን የቺፑ ስም ሊወጣ ይችላል። ዕቃው አልተቀየረብዎትም። ሌላው የፎከስራይት ስካርሌት ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ፍላሽ ዲስክ ሆኖ የሚታይበት ሁነታ ላይ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ዲስክ ብቅ ካለ የ48 ቮልቱን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ገመዱን ይሰኩት፣ አምስት ሰከንድ ያህል ቆይተው ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ ኢንተርፌሱ ዝርዝር ውስጥ አለ። ሆኖም ድምፁ በላፕቶፑ ስፒከር ነው የሚወጣው፤ ኦዳሲቲ ላይ ስቀርጽም ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ይሣላል። — ከጎንደር

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ቀላሉን እናስቀድም። በሴቲንግስ ውስጥ ሳውንድ የሚለውን ከፍተው መውጫውንም መግቢያውንም ለየብቻ ይምረጡ። አንዱን መምረጥ ሌላውን አይቀይርም። ዕቃው እዚያ ከሌለ «ፓቩኮንትሮል» የተባለውን ፕሮግራም ጭነው የመጨረሻውን ገጽ ማለትም ኮንፊገሬሽንን ይመልከቱ። የኢንተርፌሱ ፕሮፋይል «ኦፍ» ላይ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ ቀን ለብሉቱዝ ሲባል ይጠፋና ተረስቶ ይቀራል።

ቀጥ ያለው መስመር ደግሞ ከዕቃው ፊት ለፊት ይጀምራል። ማይክዎ ኮንደንሰር ከሆነ 48 ቮልት ካላገኘ አይናገርም፤ ዳይናሚክ ከሆነ አያስፈልገውም። የጌን ማዞሪያውን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን) ከፍ አድርገው ማይኩ ላይ ሲናገሩ የኢንተርፌሱ የድምፅ መጠን መብራት ብልጭ ካላለ ሊኑክስን አይውቀሱ፤ ድምፁ ገና ኮምፒውተሩ ጋ አልደረሰም።

ብልጭ ካለ ፓይፕዋየርንና ኦዳሲቲን ወደ ጎን ትተው በቀጥታ ከአልሳ ይቅረጹ። «ኤሬኮርድ ሰረዝ ኤል» የመቅረጫ ካርዶችን ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል። የእርስዎ ካርድ 1 ነው እንበል። «ኤሬኮርድ ሰረዝ ዲ ፕለግኤችደብሊው:1 ሰረዝ ኤፍ ዳት ሰረዝ ዲ 10 ሙከራ.ዋቭ» ይጻፉ፤ የፋይሉን ስም እንደፈለጉ ይሰይሙት። የመጀመሪያዋ ዲ ትልቋ የላቲን ፊደል ናት፤ ካርዱን ትጠቁማለች። ሁለተኛዋ ትንሿ ናት፤ 10 ሰከንድ ቅረጽ ትላለች። «ዳት» ማለት 16 ቢት፣ 48,000 ሄርዝ (በሰከንድ የሚወሰዱ የድምፅ ናሙናዎች ብዛት)፣ ሁለት ቻነል ማለት ነው። ሲያልቅ 1.9 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ፋይል ያገኛሉ። «ፕለግ» የምትለዋን ቅጥያ አይርሷት። ብዙ ኢንተርፌሶች በ32 ቢት ማሸጊያ ብቻ ስለሚናገሩ ያለ እሷ «ሳምፕል ፎርማት ነን አቬይለብል» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ድምፅዎ ካለ ጥፋቱ ከአልሳ በላይ፣ ማለትም ፓይፕዋየር ወይም ኦዳሲቲ ላይ ነው። በኦዳሲቲ የኦዲዮ ሴትአፕ ውስጥ መቅጃው «ኤችደብሊው» በሚል ስም ከተመረጠ ፕሮግራሙ ካርዱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ሌላው ሁሉ ደጅ ይጠናል። «ፓይፕዋየር» ወይም «ዲፎልት» የሚለውን ቢመርጡ ሁሉም ተካፍለው ይጠቀማሉ። ትዕዛዙ ራሱ «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ብሎ እምቢ ካለ ደግሞ «ፊውዘር ሰረዝ ቪ /ዴቭ/ኤስኤንዲ/*» ካርዱን የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ያጋልጥልዎታል።

ፋይሉ ዝም ካለስ? «አልሳሚክሰር» ይክፈቱ፣ ኤፍ6 ተጭነው ካርዱን ይምረጡ፣ በኤፍ4 ወደ መቅረጫው ገጽ ይሂዱ፤ የተዘጋ ካለ በስፔስ ቁልፍ ይከፈታል። ካርዱ ምንም መቆጣጠሪያ የለውም የሚል ጽሑፍ ቢመጣ አይደንግጡ። የብዙ ኢንተርፌሶች ድምፅ የሚስተካከለው በራሳቸው ማዞሪያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለፖድካስት ስቀርጽ ድምፄ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማል። ማይኩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ምንም አልተበላሸም። ኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ማይክ መሰኪያ ኢንተርፌስን እንደ አንድ ስቴሪዮ ያየዋል፤ አንደኛው መሰኪያ ግራ፣ ሁለተኛው ቀኝ ነው። ኦዳሲቲ ላይ የመቅረጫ ቻነሉን 1 ወይም ሞኖ ያድርጉ። ኦቢኤስ (የቪዲዮ መቅረጫና የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም) ላይ በአድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሞኖ የምትለዋ ሳጥን አለች፤ እሷን ሲመርጡ ባዶው ቀኝ ቻነል አብሮ ስለሚደመር ድምፅዎ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ያንኑ ያህል ይጨምሩበት። እስከ ዛሬ የቀረጹት አይጣል፤ ኦዳሲቲ ላይ ስቴሪዮውን ወደ ሁለት ሞኖ ከፍለው ዝም ያለውን ይሰርዙት።

ሁለት ተናጋሪ ካለዎት ይህ ጉድለት መስሎ የታየዎት ነገር ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቻነል ይቀመጣል። ፓቩኮንትሮል ላይ «ፕሮ ኦዲዮ» የሚለውን ፕሮፋይል ይምረጡና «ኪውፒደብሊውግራፍ» በተባለው ፕሮግራም የፈለጉትን መሰኪያ ወደ ፈለጉት ፕሮግራም በማውስ ጎትተው ያገናኙ።

ጥያቄ፦ ክራር ስቀርጽ ድምፁ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። በፈሩን ሳሳድገው መንጣጣቱ ይቀርና በማዳመጫ የምሰማው ድምፅ ከጣቴ ኋላ ይቀራል። — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ፓይፕዋየር ድምፁን በጠብታ አያሳልፍም፤ በጆግ እየቀዳ ነው። ጆጉ እርስዎ በፈር ያሉት ነው፤ መጠኑ ኳንተም ይባላል፣ ካልተነካ 1024 ናሙና ነው። በ48,000 ሄርዝ 1024 ማለት 21.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። 512 ቢሆን 10.7፣ 256 ቢሆን 5.3፣ 128 ቢሆን 2.7። ይህ የአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጆጉ ሲያንስ ቀጂው ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት፤ አንድ ጊዜ ከዘገየ ጣ! ይላል።

ሰው ሁሉ ቁጥሩን ለማሳነስ ይሽቀዳደማል። አብዛኛው ግን አያስፈልገውም። ኢንተርፌስዎ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ቁልፍ ወይም ማዞሪያ ካለ ክራሩን ኮምፒውተሩ ሳይነካው በቀጥታ ወደ ማዳመጫዎ ይልከዋል፤ መዘግየቱ ለጆሮ አይታወቅም። እሱን ከፍተው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሞኒተር ይዝጉ (ሁለቱም ክፍት ከሆኑ እያንዳንዱን ምት ሁለት ጊዜ ይሰሙታል)፣ ኳንተሙን 1024 ላይ ይተዉትና ይቅረጹ። አለቀ።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ኤፌክት ጨምረው እየሰሙ መጫወት የግድ ከሆነብዎ ግን «ፒደብሊው-ሜታዳታ ሰረዝ ኤን ሴቲንግስ 0 ክሎክ.ፎርስ-ኳንተም 256» ይበሉ። በ256 ቦታ 0 ቢጽፉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሌላ መስኮት «ፒደብሊው-ቶፕ» ከፍተው ኢአርአር የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ እየተንጣጣ ቁጥሩ ከጨመረ ኮምፒውተሩ እየዘገየ ነው። ቁጥሩ ሳይንቀሳቀስ ከተንጣጣ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የጌኑን ማዞሪያ ይዩ፣ ቀይ መብራት እየበራ ከሆነ ክራሩ ከመጠን በላይ እየገባ ነው።

ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ በቅደም ተከተል እንዲህ ይሞክሩ። ከባትሪ ቆጣቢው ሁነታ ወጥተው ፐርፎርማንስ ላይ ያድርጉት። ዋይፋይና ብሉቱዝ ያጥፉ። ኢንተርፌሱን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ካሜራ ከተሰካበት ሀብ ያላቅቁት። ብራውዘሩን ይዝጉ፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ለውጥ ሲያመጣ ይታያል።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ ቀርጬ ሳዳምጠው ፍጥነቱም ጨምሯል፣ ድምፁም ቀጥኗል። ቅኝቱን ያበላሸው ምንድን ነው? — ከደሴ

መልስ፦ ቅኝቱ አልተነካም፤ ድምፆቹ ሁሉ በእኩል ስለተነሡ አምባሰል ከሆነ አሁንም አምባሰል ነው። የተቀየረው ከፍታው ነው፣ አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ። ይህ ልክ በ44,100 እና በ48,000 ሄርዝ መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ካርዱ በ44,100 ቀርጾ ፋይሉ ላይ 48,000 ተብሎ ተጽፏል። የስልክዎን ሰዓት ይዘው 60 ሰከንድ ይቅረጹ፤ ፕሮግራሙ 55 ሰከንድ ከጥቂት ካሳየዎት ጉዳዩ ይኸው ነው። በአንድ ሰዓት ቀረጻ ላይ ወደ አምስት ደቂቃ የሚጠጋ ይጎድላል።

ፒች መቀየሪያ ኤፌክት አይጠቀሙ፤ ድምፁን ያሻክረዋል። ኦዳሲቲ ላይ የትራኩን ስም ተጭነው ከሚወርደው ዝርዝር ሬት የሚለውን 44,100 ያድርጉት። ቁጥሩን ብቻ ስለሚያርም ከማሲንቆው አንድም ነገር አይቀንስም። ለወደፊቱ ፕሮጀክቱንም፣ መቅጃውንም፣ ፓይፕዋየርንም 48,000 ላይ ያስማሙ። እየቀረጹ ሳለ «ካት /ፕሮክ/ኤሳውንድ/ካርድ1/ስትሪም0» ቢሉ «ሞመንተሪ ፍሪክ» ከሚለው ጎን ካርዱ በእውነት የሚሠራበትን ፍጥነት ያነባሉ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ስሰካ በስፒከሩ ውስጥ እምምም የሚል ድምፅ ይገባል፣ ስነቅለው ይጠፋል። — ከድሬዳዋ

መልስ፦ ላፕቶፑና ስፒከሩ በተለያየ መንገድ ከመሬት ሲገናኙ በመካከላቸው ቀለበት ይፈጠራል፤ የኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝና የቻርጀሩ ጫጫታ በዩኤስቢው ግራውንድ በኩል ይሻገራል። ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ከኢንተርፌሱ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ገመድ ባላንስድ በሆነ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ባለው ጃክ ይቀይሩ። ሲቀርጹ በባትሪ ይሥሩ። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት፣ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑን ከድኜ ስከፍተው ኢንተርፌሱ ይጠፋል። አንዳንዴም ዝም ብሎ ሲቀመጥ ድምፁ ይቋረጣል። — ከሪያድ

መልስ፦ ከከደኑት በኋላ ብቻ ከሆነ ዳግም ማስነሣት አያስፈልግም። «ሲስተምሲቲኤል ሰረዝ ሰረዝ ዩዘር ሪስታርት ዋየርፕላምበር ፓይፕዋየር ፓይፕዋየር-ፐልስ» ይበሉ፤ ካልተመለሰ ገመዱን ነቅለው ይሰኩ።

ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚቋረጠው ግን ኃይል ቆጣቢ እያስተኛው ነው። ባትሪ ለመቆጠብ «ፓወርቶፕ»ን ጭነው «ኦቶ-ቲዩን» ብለውት ከነበረ ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል፤ የዩኤስቢ ዕቃዎችን ሁሉ እንዲያንቀላፉ ያዝዛል። «ሱዶ ፓወርቶፕ» ብለው በታብ ቁልፍ እስከ ቲዩነብልስ ገጽ ይሂዱ፣ የኢንተርፌሱን ስም ይፈልጉ፣ ኢንተር ተጭነው «ጉድ» የሚለውን «ባድ» ያድርጉት። ፓወርቶፕ «ጉድ» የሚለው በእንግሊዝኛው ነው፤ ለሳውንድ ካርድዎ ግን በአማርኛው ጉድ ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ኦቶ-ቲዩን የሚያደርግ አገልግሎት ካቋቋሙ ለውጡ ስለሚጠፋ መጀመሪያ አገልግሎቱን ያጥፉት።